ጌታና ሎሌ በአንድ ገመድ

ነጠላ ቦርድ ኮምፒውተር የሚባለው፣ ፕሮሰሰሩም ሚሞሪውም የገመድ መሰኪያዎቹም በአንድ ሰሌዳ ላይ ተበይደው የሚገኙበት፣ ነገር ግን ስክሪን፣ ኪቦርድና ማውስ ሳይጨመርለት ብቻውን የሚሸጥ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። በዚህ ወገን ስሙ ከሁሉ የገነነው ራዝቤሪ ፓይ እ.ኤ.አ. በ2012 ከብሪታንያ ለገበያ ሲቀርብ ዋጋው 35 ዶላር ነበር፤ በ2015 የወጣው ታናሽ ወንድሙ ራዝቤሪ ፓይ ዜሮ ደግሞ ርዝመቱ 65፣ ስፋቱ 30 ሚሊ ሜትር በሆነ ሰሌዳ ላይ የ1 ጊጋኸርትዝ ፕሮሰሰርና የ512 ሜጋባይት ሚሞሪ ይዞ በ5 ዶላር ተሸጠ። ዋጋው እንዲህ ሲወርድ ግን አንድ የማይመች ሒሳብ ብቅ አለ፤ ቦርዱን በተለመደው መንገድ ለመጠቀም የሚያስፈልጉት ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ ማውስ፣ የስክሪን ገመድ መለወጫና የዩኤስቢ ማብዣ ሲደመሩ የቦርዱን ዋጋ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጡ፣ ኮርቻው ከፈረሱ ተወደደ።

ከዚህ ሒሳብ መውጫው፣ ቦርዱን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ላፕቶፕ ያለው መሆኑ ነው። ላፕቶፑ ስክሪንም ኪቦርድም ስላለው፣ እነዚህን ለቦርዱ እንዲያውሰው ማድረግ ከተቻለ ሌላ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። አንድ ኮምፒውተር የራሱን ዴስክቶፕ፣ ማለትም መስኮቶቹን፣ ምልክቶቹንና የማውሱን ቀስት፣ በሌላ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ እያሳየ ከዚያው ትእዛዝ የሚቀበልበት ይህ አሠራር የርቀት ዴስክቶፕ ይባላል። ስያሜው በሁለት ከተሞች መካከል የሚደረግ ግንኙነትን ያስታውሳል፤ በዚህ ምዕራፍ የተያዘው «ርቀት» ግን ከአንድ ክንድ የማይበልጥ የዩኤስቢ ገመድ መሆኑን አንባቢ ፈገግ ብሎ ሊቀበለው ይገባል።

ለምን በገመድ? የሚለው ጥያቄ ዛሬ ዋይፋይ በየቤቱ በገባበት ዘመን ተገቢ ነው። የመጀመሪያው ራዝቤሪ ፓይ ዜሮ ዋይፋይም ሆነ የኢተርኔት መሰኪያ አልነበረውም፤ ዋይፋይ የተጨመረለት ዜሮ ደብሊው የተባለው ዝርያ በ2017 ሲወጣ ነው። ዋይፋይ ባለበት ቦታም ቢሆን ግንኙነቱ በሦስተኛ ወገን ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል፤ የዩኒቨርሲቲ፣ የመሥሪያ ቤት ወይም የሆቴል ኔትወርክ አስቀድሞ ምዝገባ ይጠይቃል፣ ስክሪን የሌለው ቦርድ የማይሞላውን የመግቢያ ገጽ ያቀርባል፣ አንዳንዴም በላዩ ያሉት ኮምፒውተሮች እርስ በርስ እንዳይነጋገሩ ይከለክላል፣ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ራውተሩ አብሮ ይጠፋል። ገመዱ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ኤሌክትሪኩን ከላፕቶፑ ባትሪ፣ መረጃውንም በዚያው መስመር ያደርሳል፣ የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም። ለጀማሪ ከዚህ የሚሻል መንገድ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሆኖም ሁለት ኮምፒውተሮችን በዩኤስቢ ገመድ አገናኝቶ እንዲነጋገሩ መጠበቅ ብቻውን ምንም አያመጣም፤ ምክንያቱም ዩኤስቢ ሲፈጠር ለእኩዮች ንግግር አልታሰበም። ኮምፓክ፣ ዲጂታል፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ማይክሮሶፍት፣ ኤንኢሲና ኖርተል ተባብረው ያዘጋጁት የመጀመሪያው ደንብ በ1996 ሲወጣ ዓላማው በኮምፒውተር ጀርባ ይታጨቁ የነበሩትን የማውስ፣ የኪቦርድ፣ የፕሪንተርና የሞደም መሰኪያዎች በአንድ ዓይነት መተካት ነበር። ማውስና ኪቦርድ በርካሽ እንዲሠሩ፣ አስቸጋሪው ሥራ ሁሉ በኮምፒውተሩ ላይ እንዲወድቅ ተወሰነ። ቴክኒካዊ ሰነዶች አንዱን ወገን «አስተናጋጅ»፣ ሌላውን «መሣሪያ» ይሉታል፤ ግንኙነቱ በባሕርዩ ግን ጌታና ሎሌ ነው። ጊዜውን የሚደለድለው፣ ኤሌክትሪኩን የሚሰጠው፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ ቁጥር የሚያድለው ጌታው ብቻ ሲሆን፣ ሎሌው ሳይጠሩት አቤት ማለት ፈጽሞ አይፈቀድለትም። ማውስ ሲንቀሳቀስ ወዲያው ለኮምፒውተሩ የሚናገር ይመስላል እንጂ፣ እውነቱ ኮምፒውተሩ በየጥቂት ሚሊሰከንዱ «የምትለው አለ?» እያለ ሲጠይቀው ብቻ የሚመልስ መሆኑ ነው። እንግዲህ ሁለት ኮምፒውተሮች፣ ሁለቱም ጌታ ነኝ ባዮች፣ በአንድ ገመድ ላይ ሲገናኙ ጠያቂ እንጂ ተጠያቂ ስለማይኖር ንግግር አይጀመርም።

መፍትሔው ከሁለቱ አንዱ ዝቅ እንዲል ማድረግ ነው። በ2001 በዩኤስቢ ደንብ ላይ የተጨመረው «ኦን ዘ ጎ» የተባለው ክፍል አንድ መሣሪያ እንደ ሁኔታው ጌታም ሎሌም እንዲሆን ፈቀደ፤ ስልክ ከኮምፒውተር ጋር ሲያያዝ ሎሌ፣ ፍላሽ ሲሰካበት ደግሞ ጌታ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ማይክሮ ዩኤስቢ በሚባለው ትንሽ መሰኪያ ውስጥ ከተለመዱት አራት ሽቦዎች ሌላ አምስተኛ እግር አለ፤ ይህ እግር በገመዱ ጫፍ ውስጥ ከምድር መስመር ጋር ከተያያዘ ቦርዱ ጌታ መሆኑን፣ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ከቀረ ደግሞ ሎሌ መሆኑን ይረዳል። ተራው የስልክ ገመድ እግሩን ሳያገናኝ ስለሚተወው፣ ለዚህ ምዕራፍ ሥራ ሌላ ልዩ ገመድ አያስፈልግም።

ሁሉም ቦርድ ግን ዝቅ ማለት አይችልም። ሙሉ መጠን ባላቸው በአብዛኞቹ ቀደምት የራዝቤሪ ፓይ ሞዴሎች ላይ ከፕሮሰሰሩ የሚወጣው አንድ የዩኤስቢ መስመር በቀጥታ ወደ መሰኪያው ሳይደርስ በመካከል ወደ ሁለት ወይም አራት መሰኪያ በሚከፋፍል ቺፕ ውስጥ ያልፋል፤ ያ ቺፕ ወደ ታች ብቻ የሚያከፋፍል ስለሆነ ቦርዱ ሁልጊዜ ጌታ ሆኖ ይቀራል። በዜሮ ላይ አከፋፋዩ ቺፕ በርካሽነቱ ምክንያት ስለቀረ መስመሩ ከፕሮሰሰሩ ተነሥቶ በቀጥታ መሰኪያው ላይ ያርፋል፤ ድህነቱ ችሎታ ሆነለት ማለት ነው። በ2019 በወጣው ራዝቤሪ ፓይ 4 ላይ ኤሌክትሪክ የሚገባበት የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ እንዲሁ ከፕሮሰሰሩ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ቢግልቦን ብላክ የተባለው የ2013 ቦርድ ደግሞ ከፋብሪካው ሲወጣ ሎሌ ሆኖ ስለሚዘጋጅ፣ ገመዱ እንደተሰካ በራሱ 192.168.7.2 በሚል አድራሻ ይጠብቃል፤ በዚህ ረገድ ከራዝቤሪ ፓይ ይልቅ ለጀማሪ ያዘነ ንድፍ ነው።

ቦርዱ ሎሌ ለመሆን ከተስማማ ቀጣዩ ጥያቄ ምን ዓይነት ሎሌ ይሁን የሚለው ነው። በሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም ሃርድዌሩን በቀጥታ በሚያዝዘው የስርዓተ ክወናው እምብርት ውስጥ፣ «ጋጅት» የሚል የጋራ ስም ያላቸው ሞጁሎች አሉ፤ ሞጁል ሲያስፈልግ የሚጫን የከርነል ቁራጭ ነው። እነዚህ ሞጁሎች ቦርዱን ፍላሽ፣ ኪቦርድ፣ የድምፅ ካርድ ወይም የኔትወርክ ካርድ አስመስለው ለላፕቶፑ ያቀርቡታል። ለርቀት ዴስክቶፕ የሚመረጠው ጂ-ኢተር የተባለውና የኔትወርክ ካርድ የሚያስመስለው ነው። ገመዱ ሲሰካ ላፕቶፑ እንደ ልማዱ «ማን ነህ?» ይላል፣ ቦርዱም «የኢተርኔት ካርድ ነኝ» ብሎ ይመልሳል፤ ላፕቶፑ አዲስ ካርድ እንደተጨመረለት ይመዘግባል፣ ከካርዱ ማዶ ያለውን ሌላ ኮምፒውተር ለማነጋገርም ይዘጋጃል። ካርዱም፣ ከካርዱ ማዶ ያለው ኮምፒውተርም፣ በመካከላቸው ያለው ሽቦም ያው አንድ ትንሽ ቦርድ መሆኑን ላፕቶፑ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም። የዘዴው ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱ ወገኖች ከኔትወርክ ጋር ለመነጋገር ለዓመታት የተሠራላቸው ሶፍትዌር ሁሉ ምንም ሳይለወጥ በዩኤስቢ ገመድ ላይ ይሠራል።

ዝግጅቱ የሚፈጸመው ቦርዱ ስርዓተ ክወናውን በሚያነሣበት ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው። የራዝቤሪ ፓይ ስርዓተ ክወና በካርዱ ላይ ሲጻፍ ቦታው ለሁለት ይከፈላል፤ ትልቁን ክፍል ሊኑክስ ብቻ የሚያነበው ሲሆን፣ ቡት የተባለው ትንሹ ክፍል ግን በዊንዶውስም በማክም ስለሚነበብ ቦርዱ ገና ሳይበራ ከላፕቶፑ ላይ ሆኖ ማረም ይቻላል። በዚህ ክፍል ውስጥ ሁለት የጽሑፍ ፋይሎች ይፈለጋሉ፤ ቃላቱ በኮምፒውተሩ ላይ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ስለሆነ እዚህ በድምፃቸው ብቻ ይጠቀሳሉ። ኮንፊግ በተባለው ፋይል መጨረሻ ዲቲኦቨርሌይ ለሚለው ቃል ዲደብሊውሲ2 የሚል ዋጋ የሚሰጥ መስመር ይጨመራል፤ ትርጉሙ በቦርዱ ላይ ያለውን የዩኤስቢ መቆጣጠሪያ ጌታም ሎሌም መሆን በሚችለው ድራይቨር አሠራው ማለት ነው። ሲኤምዲላይን በተባለው ፋይል ደግሞ ሩትዌት ከሚለው ቃል ቀጥሎ፣ ዲደብሊውሲ2ና ጂ-ኢተር አከታትለህ ጫን የሚል ትእዛዝ ይገባል። ይህ ሁለተኛው ፋይል ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ መስመር ብቻ መሆን አለበት፤ በመካከሉ ተራ መስመር መቁረጫ የገባበት እንደሆነ ከቁርጡ በኋላ ያለው ሳይነበብ ይቀራል፣ ስክሪን የሌለው ቦርድም ጥፋቱን የሚናገርበት አፍ የለውም። ከዚህ ዘዴ ጋር የታገሉ ሰዎች ብዙ ሰዓት ያጡት በዚህች መስመር ላይ ነው።

በቡት ክፍል ውስጥ ኤስኤስኤች የሚል ስም ያለው ባዶ ፋይል ማኖርም ያስፈልጋል። ኤስኤስኤች በተመሰጠረ መስመር ላይ ለሌላ ኮምፒውተር የጽሑፍ ትእዛዝ የሚሰጥበት ፕሮቶኮል ሲሆን፣ የሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው ታቱ ኡሎነን በ1995፣ በዩኒቨርሲቲው ኔትወርክ ላይ የይለፍ ቃላት ከተሰለሉ በኋላ የሠራው ነው። በራዝቤሪ ፓይ ላይ ቀድሞ በራሱ ክፍት የነበረ ቢሆንም፣ ሁሉም ቦርድ ፓይ በሚል የተጠቃሚ ስምና ራዝቤሪ በሚል የይለፍ ቃል ይወጣ ስለነበር በ2016 መጨረሻ ተዘግቶ እንዲመጣ ተደረገ፤ በ2022 ደግሞ የጋራው የተጠቃሚ ስም ጭራሹን ተነሣ። ስለዚህ ዛሬ ካርዱን የሚጽፈው ሰው ኢሜጀር በተባለው የካርድ መጻፊያ ፕሮግራም ውስጥ የራሱን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል አስቀድሞ ይሰጣል፤ ኤስኤስኤችንም እዚያው ማስከፈት ስለሚቻል ባዶው ፋይል ሊቀር ይችላል።

በዜሮ ላይ ሁለት የሚመሳሰሉ ማይክሮ መሰኪያዎች ጎን ለጎን አሉ፤ ፓወር ተብሎ የተጻፈበት ኤሌክትሪክ ብቻ የሚቀበል ሲሆን፣ መረጃ የሚያልፈው ዩኤስቢ በተባለው ነው። ገመዱ በዚህ በሁለተኛው ሲሰካ ኤሌክትሪኩም መረጃውም አብሮ ይገባል፤ ላፕቶፕ በተለመደው የዩኤስቢ 2 መሰኪያ በኩል የሚሰጠው 5 ቮልትና 500 ሚሊ አምፔር ለዜሮ ይበቃዋል። ራዝቤሪ ፓይ 4 ግን እስከ 3 አምፔር የሚወጣ ምንጭ እንዲሰጠው ስለሚመከር ከአሮጌ ላፕቶፕ ጋር ሲያያዝ ሊራብ ይችላል፤ ኤሌክትሪኩ ከ4.63 ቮልት በታች ሲወርድ በዴስክቶፑ ማዕዘን ላይ የመብረቅ ምልክት ያሳያል። ብዙ ርካሽ ገመዶች ስልክ ለመሙላት ብቻ ተሠርተው የመረጃ ሽቦዎቹ የሌሉባቸው መሆናቸውም መታወስ አለበት፤ የቦርዱ መብራት በርቶ ላፕቶፑ ምንም ካላየ፣ ከፋይሎቹ በፊት መጠርጠር ያለበት ገመዱ ነው።

ገመዱ ደኅና ከሆነና ቦርዱ ከአንድ ደቂቃ በላይ ወስዶ ከተነሣ፣ ላፕቶፑ አዲሱን ካርድ ያሳያል። ሊኑክስና ማክ ሲዲሲ የተባለውን የዩኤስቢ ኢተርኔት ቋንቋ በራሳቸው ይረዳሉ፤ ዊንዶውስ ግን የማይክሮሶፍትን አርኤንዲአይኤስ ስለሚመርጥ ጂ-ኢተር ሁለቱንም ይናገራል። አንዳንድ ጊዜ ዊንዶውስ ቦርዱን በስሕተት ኮም ፖርት ብሎ ይመዘግበዋል፤ በዚህ ጊዜ በዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ገብቶ ትክክለኛውን ድራይቨር በእጅ መምረጥ ያስፈልጋል። ጂ-ኢተር የካርዱን መለያ ቁጥር በየመነሣቱ በዘፈቀደ ስለሚፈጥርም፣ ቁጥሩ እንዲጸና ካልተደረገ ላፕቶፑ ያንኑ ቦርድ በየቀኑ እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበለዋል።

በኔትወርክ ላይ ለመነጋገር ለእያንዳንዱ ወገን አይፒ አድራሻ የተባለ ቁጥር ያሻል፤ በቤት ውስጥ ይህን የሚያድለው ራውተሩ ነው። በዚህ ገመድ ላይ ግን ራውተር የለም። ለእንዲህ ያለው አጋጣሚ በ169.254 የሚጀምሩ 65,024 አድራሻዎች ተከልለው ተቀምጠዋል፤ አዳይ ያጣ ኮምፒውተር ከመካከላቸው አንዱን በዘፈቀደ ያነሣና «ይህ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ የኔ ነው የሚል ካልተገኘ ይወስደዋል። ሁለቱም ወገኖች በዚህ መንገድ አድራሻ ሲያገኙ አንዱ የሌላውን ቁጥር ስለማያውቅ ደግሞ ስም ይመጣል። ላፕቶፑ ራዝቤሪፓይ ነጥብ ሎካል የሚለውን ስም ሲፈልግ፣ በሽቦው ላይ ላሉት ሁሉ «በዚህ ስም የሚጠራ ማን ነው?» ብሎ ይጮኻል፣ ባለስሙም አድራሻውን ይዞ ይመልሳል። አፕል ቦንዡር በሚል ስም ያስፋፋው ይህ አሠራር ኤምዲኤንኤስ ይባላል፤ አንድ ሰው ብቻ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ «እዚህ ማን አለ?» ብሎ እንደ መጮኽ ቢመስልም ሥራውን ይሠራል። ከ2023 ጀምሮ ባለው የስርዓተ ክወናው ዝርያ ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ኔትወርክ ማናጀር የተባለው ፕሮግራም በመሆኑ፣ የዩኤስቢው ካርድ እንዲህ ዓይነት አድራሻ እንዲይዝ በግልጽ ካልታዘዘ እንዲሁ ሳይዝ ሊቀር ይችላል፤ የቀድሞ መመሪያዎችን የሚከተል ሰው ሁሉን በትክክል አድርጎ እዚህ ላይ የሚቆመው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሙ ከተመለሰ በኋላ በኤስኤስኤች መግባት ቀላል ነው፤ የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ ሲሰጥ የቦርዱ ጥቁር የትእዛዝ መስኮት በላፕቶፑ ላይ ይከፈታል። ብዙ ባለሙያዎች ከዚህ አያልፉም፤ ለዜሮ ዓይነት አነስተኛ ቦርድ እነርሱ ትክክል ናቸው ማለትም ይቻላል፣ ምክንያቱም በ512 ሜጋባይት ሚሞሪ ላይ ዴስክቶፕ መክፈት ትዕግሥት ይፈትናል። ተማሪ ግን ምስል ያያል፣ መስኮት ይከፍታል፣ በማውስ ይጠቁማል፤ ለእርሱ ዴስክቶፑ መድረስ አለበት።

ዴስክቶፑን የሚያመጣው ቪኤንሲ ነው። ይህ አሠራር የተፈጠረው በ1990ዎቹ በካምብሪጅ፣ በኦሊቬቲና ኦራክል የምርምር ላቦራቶሪ ሲሆን፣ ካዘጋጁት አንዱ ኵንቲን ስታፎርድ ፍሬዘር በ1991 በዚያው ከተማ፣ በዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ላቦራቶሪ፣ የቡና ማፍያው ባዶ መሆኑን ተመራማሪዎች ከየቢሯቸው ሆነው እንዲያዩ ካሜራ ከደቀኑት ሰዎች አንዱ ነበር። ያለበት ሳይሄዱ የሩቁን የማየት ፍላጎቱ እንግዲህ ከቡና ጀምሯል። የቪኤንሲ ሐሳብ ቀላል ነው፤ አገልጋይ የተባለው ፕሮግራም በቦርዱ ላይ ሆኖ የስክሪኑን ምስል ይልካል፣ ተመልካች የተባለው በላፕቶፑ ላይ ሆኖ ምስሉን ይቀበላል፣ የኪቦርዱንና የማውሱን እንቅስቃሴም ወደ ቦርዱ ይመልሳል።

ምስሉ ሁሉ ይላክ ቢባል ግን ገመዱ አይችለውም። 1,280 በ720 የሆነ ስክሪን 921,600 ፒክስሎች፣ ማለትም የቀለም ነጥቦች አሉት፤ እያንዳንዱ ነጥብ 4 ባይት ቢወስድ አንድ ሙሉ ምስል 3.7 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል፣ በሰከንድ 30 ጊዜ ቢላክ ደግሞ ወደ 885 ሜጋቢት ይደርሳል። የዩኤስቢ 2 ከፍተኛ ፍጥነት በወረቀት ላይ እንኳ 480 ሜጋቢት ነው። ስለዚህ ቪኤንሲ ስክሪኑን በአራት ማዕዘኖች ከፋፍሎ የተለወጡትን ብቻ፣ ያውም ጨምቆ ይልካል። ከዘዴዎቹ ሁሉ የሚያስደንቀው ቅጂ የሚባለው ነው፤ አንድ ሰው ስፋቱ 400፣ ቁመቱ 300 ፒክስል የሆነ መስኮት ይዞ ወደ ጎን ሲጎትተው፣ እንዳለ ቢላክ 480,000 ባይት የሚፈጀውን ምስል ቦርዱ ጨርሶ አይልከውም፤ «ከዚያ ያለውን አንሥተህ እዚህ አኑረው» የሚል በአጠቃላይ 20 ባይት የሆነ መልእክት ይልካል፣ ላፕቶፑም አስቀድሞ በእጁ ካለው ምስል ይቀዳል። ተመልካቹ አዲስ ምስል የሚጠይቀው ያለፈውን ሲጨርስ በመሆኑ፣ ቦርዱ ቀርፋፋ ከሆነ ምስሉ ይዘገያል እንጂ መልእክት አይከማችም። በዚህ ሁሉ መካከል ደካማው ነገር ብዙውን ጊዜ ገመዱ ሳይሆን ምስሉን ሥሎ የሚጨምቀው የቦርዱ ፕሮሰሰር ነው።

ምስሉ የሚሣለው በቦርዱ ላይ መሆኑን ለአማርኛ አንባቢ ከምንም በላይ የሚያስረዳው ፊደሉ ራሱ ነው። ላፕቶፑ የኢትዮጵያ ፊደል የሚያሳይ፣ ለምሳሌ ኒያላን የመሰለ ፎንት ቢኖረውም፣ በቦርዱ ላይ እንዲህ ያለ ፎንት ካልተጫነ በቪኤንሲ መስኮቱ ውስጥ የሚታየው የአማርኛ ጽሑፍ ሣጥን ሣጥን ብቻ ይሆናል፤ ወደ ላፕቶፑ የሚመጣው ፊደል ሳይሆን የፊደሉ ሥዕል ነውና፣ ሠዓሊው የማያውቀውን ተመልካቹ ሊያርመው አይችልም። ስለዚህ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን የመሰለ ፎንት በቦርዱ ላይ መጫን ያስፈልጋል። በመተየብ በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በኪቦርድ ላይ «ለ» ለመጻፍ ሁለት ቁልፍ ተመትቶ አንድ ፊደል የሚወጣበት ማቀናበሪያ በላፕቶፑ ላይ ሲሠራ፣ በቪኤንሲ የሚተላለፈው የእያንዳንዱ ቁልፍ ስም ስለሆነ ውጤቱ ከተመልካች ፕሮግራም ወደ ተመልካች ፕሮግራም ይለያያል፣ አንዳንዴም ፊደሉ ጭራሽ ሳይደርስ ይቀራል። የሚሻለው ላፕቶፑን በላቲን ትቶ የአማርኛ መተየቢያውን በቦርዱ ላይ መጫን ነው፤ ቁልፎቹ ጥሬያቸውን ይሻገራሉ፣ ፊደሉም ምስሉ በሚሣልበት ቦታ ይቀናበራል።

በቦርዱ በኩል ቪኤንሲን ማስነሣት በኤስኤስኤች ገብቶ ራዝፒ-ኮንፊግ በተባለው የማስተካከያ ማውጫ ውስጥ አንድ ምርጫ ማብራት ነው። ቦርዱ እውነተኛ ስክሪን ስለማያይ ዴስክቶፑን በጣም በአነስተኛ መጠን ሊያወጣው ይችላል፤ በዚያው ማውጫ ውስጥ የስክሪኑን መጠን መወሰን ይህን ያስተካክላል። የተመልካች ፕሮግራም ምርጫ ግን ዝርያውን ይከተላል። ለዓመታት ከስርዓተ ክወናው ጋር ይመጣ የነበረው የሪያልቪኤንሲ አገልጋይ የተሠራው ኤክስ ለተባለው አሮጌ የምስል ሥርዓት ነው፤ ከ2023 ጀምሮ በአዳዲሶቹ ቦርዶች ላይ ኤክስን ዌይላንድ የተባለው ስለተካው፣ በሪያልቪኤንሲ ቦታ ዌይቪኤንሲ የተባለ አገልጋይ ገባ፣ ለእርሱም ታይገርቪኤንሲ የተባለው ተመልካች ይስማማዋል። ተመልካቹ ከተከፈተ በኋላ የቦርዱ ስም ይሰጠዋል፣ በ5900 ቁጥር ፖርት፣ ማለትም የኔትወርክ መግቢያ በር፣ በኩል ይገባል፣ ዴስክቶፑም ይታያል።

ገመዱ የሁለት ወገን ብቻ ስለሆነ በላዩ የሚሰልል ሦስተኛ የለም። ይሁን እንጂ የቪኤንሲ አገልጋይ የሚያዳምጠው በዩኤስቢው ካርድ ብቻ ሳይሆን ቦርዱ ባለው መግቢያ ሁሉ ነው፤ ቦርዱ ዋይፋይ ካለውና ከተከፈተ፣ በዚያው ዋይፋይ ላይ ያለ ሁሉ በሩን ማንኳኳት ይችላል። በጥንቱ የቪኤንሲ አሠራር የይለፍ ቃሉ ከ8 ፊደል በኋላ ያለውን አይቆጥርም፣ ምስሉም አይመሰጠርም። አስተማማኙ መንገድ የቪኤንሲውን መስመር በኤስኤስኤች ውስጥ አሳልፎ፣ አገልጋዩም ከቦርዱ ውስጥ ብቻ የሚመጣውን እንዲቀበል ማድረግ ነው። ቦርዱ ኢንተርኔት እንዲያገኝ ሲፈለግ ደግሞ ላፕቶፑ የራሱን ሊያካፍለው ይችላል፤ በዊንዶውስ ይህ ሲደረግ ላፕቶፑ በገመዱ ላይ 192.168.137.1 የሚለውን አድራሻ ይይዝና ለቦርዱ ከዚያው ረድፍ ያድለዋል፣ ቀደም ሲል የተባለው የ169.254 አድራሻም አያስፈልግም።

የቪኤንሲው መስኮት ሲዘጋ ቦርዱ አይጠፋም፤ የተዘጋው የላፕቶፑ መመልከቻ ብቻ ነው፣ ዴስክቶፑ በቦርዱ ላይ እንዳለ ይቀጥላል። ገመዱ ኤሌክትሪኩም ስለሆነ ግን መንቀል ማለት መብራት መቁረጥ ነው፤ ሊኑክስ በሚሞሪ ካርዱ ላይ የሚጻፈውን ነገር ለጊዜው በቦርዱ ሚሞሪ ውስጥ ስለሚያቆይ በዚያች ቅጽበት ያልተጻፈው ይጠፋል፣ አልፎ አልፎም ካርዱ ራሱ ይበላሽና ዝግጅቱ ከሀ ይጀመራል። ብዙ ላፕቶፖች ክዳናቸው ሲዘጋ የዩኤስቢውን ኤሌክትሪክ ስለሚያቋርጡ፣ ላፕቶፑን ከድኖ ወደ ምሳ የሚሄድ ሰው ሳያስበው ገመዱን ነቀለ ማለት ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ቦርዱ ከራሱ ማውጫ ወይም በኤስኤስኤች እንዲዘጋ ይታዘዛል፤ ግንኙነቱ ይቋረጣል፣ ተመልካቹም ቦርዱን አጣሁት ብሎ ያማርራል፣ በሰሌዳው ጠርዝ ያለችው አረንጓዴ መብራትም ጥቂት ቆይታ ትጠፋለች። ገመዱ የሚነቀለው እርሷ ከጠፋች በኋላ ነው።